የሚስት ስም በመሬት ደብተር ላይ



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ሰነድ ነው፤ ይህችውም በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ከሣጥናቸው ውስጥ የሚያስቀምጧት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ናት።

በቀድሞው ዘመን ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በጎጃም ብዙ ወረዳዎች ርስት በእናትም በአባትም ወገን ይቈጠር ስለ ነበረ ሴት ልጅ ከርስቷ አልተነቀለችም። ይሁን እንጂ ባገባች ጊዜ ወደ ባልዋ አገር ስለምትሄድ ድርሻዋ ብዙውን ጊዜ በወንድሞቿ እጅ ይቀር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አደረገው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፥ ራሱ ሊያርስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ ፆታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጠው አዘዘ። ቃሉ መልካም ነበረ። ዳሩ ግን በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው። ባል የሞተባት ሴት በእማወራነት ስትጻፍ፥ ባለትዳሪቱ ግን በባልዋ ስም ተሰውራ ቀረች። በተፋቱም ጊዜ ባዶ እጅዋን ወደ ወላጆቿ ቤት የተመለሰች ብዙ ናት።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ወጣቶች ከየቀበሌው ተወሰዱ። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ የተመለሰው ተመለሰ፤ የቀረውም ቀረ። ባልዋን ወይም ልጅዋን በጦር ሜዳ ያጣች ሴት ቤቷን ብቻዋን ማስተዳደር ግድ ሆነባት። ስለዚህ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች በመሬት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው መደንገጉ ለእነዚህ ሴቶች የወረቀት ነገር ብቻ አልነበረም።

ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከአዋጁ ሁሉ ይልቅ ብዙ የሠራ አንድ የመዝገብ ዓምድ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ገደማ መሬት መመዝገብ ሲጀምር፥ ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲጻፍ፥ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍበት አደረገ። በትግራይ በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው ምዝገባ ደብተሩ የሚጻፈው በቤቱ አስተዳዳሪ ስም ብቻ ስለ ነበረ፥ ልዩነቱን ማስተዋል አያስቸግርም። እኛ በቢሮ የምንውል ሰዎች ቅጽ ማዘጋጀትን እንደ ቀላል ሥራ እንቈጥረዋለን። ሩዋንዳም ከ1986ቱ እልቂት በኋላ በ1992 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች የውርስ መብት የሚሰጥ ሕግ አውጥታ፥ ቈይታም መሬቷን በባልና በሚስት ስም መዝግባለች።

ደብተር ግን በሬ አይሆንም። በአገራችን ልማድ ሞፈርና ቀንበር የወንድ ሥራ ስለ ሆነ፥ ጥማድ በሬና አራሽ የሌላት ሴት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ ያረሰላትም ሰው የምርቱን ድርሻ ይወስዳል። ያም ሆኖ በእጅዋ ደብተር ያላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ስትሰጥ፥ ይነጠቀኛል የሚለው ሥጋት ይቀልላታል።

በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደግሞ ብዙ ገበሬዎች እርሻቸውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተክለውበታል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ዛፉ እስኪደርስ ድረስ ዓመት በዓመት ማረስ የለም። አራት ወይም አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል፤ በጆንያ ተሞልቶም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ይህ በሬ ለሌላት ሴት የሚስማማ ሥራ ይመስላል። ለባለትዳሪቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በደብተሩ ላይ የሁለቱ ስም ቢኖርም የከሰሉን ገንዘብ ማን እንደሚቀበል አልተጻፈበትም።