ደርሶ ያልተነበበው ፓኬት

ደብረ ታቦር አካባቢ ያደጋችሁ ጋፋትን ታውቁታላችሁ። በ1860ዎቹ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ አሠርተዋል። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። ያ ሥራ አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፦ አንዴ ቀልጦ የፈሰሰ ነገር ወደ ትናንት አይመለስም። «ትናንት የሠራው ዛሬ ለምን እምቢ አለ?» ብሎ የትናንቱን ምድጃ እንዳለ መልሶ መመርመር አይታሰብም።

ሶፍትዌር ላይ ግን ይቻላል፤ የቆየው ኮድ ሁሉ ተቀምጧላ። ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ ለውጥ ምክንያት ሲበላሽ ፕሮግራመሮች «ሪግሬሽን» ይሉታል። እስኪ ተጠግኖ አለቀ ሲባል ሁለት ጊዜ የተመለሰ አንድ ብልሽት ላጫውታችሁ።

ቦታው ኪዩኢሙ ነው። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኢሙሌተር ሲሆን፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያስነሳል። ሩቅ አገር የሚኖር ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ላፕቶፓችሁ ላይ የአንድሮይድ ኢሙሌተር ከፍታችሁ አፕ ሞክራችሁ ከሆነ መሠረቱ ይኸው ኪዩኢሙ ነው። የሚያስነሳው ኮምፒዩተር አስተናጋጅ ይባላል፣ ውስጡ የተነሣው ደግሞ እንግዳ።

እንግዳው ኔትወርክ ካርድ ይፈልጋል። ቀድሞ የነበረው ዘዴ እውነተኛ ካርድ ማስመሰል ነበር፤ ለምሳሌ የኢንቴልን ኢ1000። እንግዳው ካርዱን የነካ ሲመስለው ኪዩኢሙ መሐል ገብቶ እውነተኛው ካርድ የሚመልሰውን ይመልስለታል። ይሠራል፣ ግን ያዘግማል። ረስቲ ረስል ቨርትአዮን ሲነድፍ ይሄን ማስመሰል ተወው። እንግዳው ካርዱ የውሸት መሆኑን እያወቀ ከአስተናጋጁ ጋር በጋራ ሚሞሪ ላይ ፓኬት ይቀባበላል። የቨርትአዮ ድራይቨሮች በ2008 መጀመሪያ ከሊኑክስ 2.6.24 ጋር ወጡ።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከፋርጣ ድንች ጭናችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትልኩ ለሾፌሩ የጆንያውን ብዛት በወረቀት ጽፋችሁ ትሰጡታላችሁ አይደል? ተቀባዩ ይቆጥራል፤ ካልገጠመ «መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኗል» ይላል። ፓኬትም እንደዚያው ነው። ላኪው ባይቶቹን ደምሮ ቼክሰም የሚባል ቁጥር ይጽፍበታል፣ ተቀባዩ ደግሞ ደምሮ ያመሳክራል። አሁን ግን እንግዳውና አስተናጋጁ አንድ ማሽን ላይ ናቸው፤ መካከላቸው ሽቦ የለም፣ መንገድ የለም። ከጓዳ ወደ ሳሎን ድንች ሲወሰድ ማን ወረቀት ይጽፋል? ስለዚህ ቼክሰሙን ሳይጨርሱ ትተው «ይሄ አልተሞላም፣ ግን እመነው» የሚል ምልክት ከፓኬቱ ጋር ማሳለፍ ጀመሩ። ፍጥነቱ በጣም ጨመረ።

ምልክቱን የሚያየው የእንግዳው ከርነል ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ፓኬት የሚቀበለው በከርነሉ በኩል ስለሆነ ምንም አይጎዳም። አንድ ፕሮግራም ግን ከዚህ ወጣ ይላል፦ ዲኤችክላየንት። ሥራው ማሽኑ ሲነሣ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ኔትወርኩ ላይ መጮህ ነው፤ ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። ገና አድራሻ ስለሌለው እንደ ሌላው ፕሮግራም መቀበል አይችልም፤ ጥሬውን ፓኬት ራሱ ያነባል፣ ቼክሰሙንም ራሱ ይደምራል። ሲደምር አይገጥምም። ይጥለዋል። እንደገና ይጮኻል፣ መልሱ እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይጥለዋል።

የምርመራው ምልክቶች ሰው ያሳብዳሉ። አድራሻውን በእጃችሁ ስትጽፉለት ሁሉም ነገር ይሠራል። ካርዱን ወደ ኢ1000 ስትቀይሩት ይሠራል። ፓኬት በሚይዝ መሣሪያ ብታዩ መልሱ እንግዳው በር ድረስ ደርሷል። ዲኤችክላየንት ግን ማንም አልመለሰልኝም ብሎ ድርቅ ይላል።

እንዲህ ሲሆን ጊት ባይሴክት የሚባል ጥሩ መሣሪያ አለ፤ ከ2005 ጀምሮ ጊት ውስጥ ይገኛል። 1,000 ለውጦች ቢኖሩ መሐል ላይ ያለውን ትሞክራላችሁ፤ ከሠራ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፣ ካልሠራ ከዚያ በፊት። ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ እያላችሁ በ10 ሙከራ አንዱ ለውጥ ላይ ትደርሳላችሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፦ በእንዲህ ያለ ብልሽት ባይሴክት ጣቱን የሚቀስረው ቼክሰሙን ባስቀረው ለውጥ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ዲኤችክላየንት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ነው። ሊኑክስ በ2007 «ይህ ፓኬት ቼክሰሙ ያልተሞላ ነው» ብሎ ለእንደዚህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚናገርበትን መንገድ ሰጥቶ ነበር፤ አሮጌዎቹ ግን አይጠይቁም።

ታዲያ «ዲኤችክላየንታችሁን አድሱ» ብሎ መገላገል አይቻልም? ሰነፍ መልስ ነው። እንግዳው አድራሻ የለውም፣ አድራሻ ከሌለው ኢንተርኔት የለውም፣ ማደሻውን በምን ያወርዳል? ላብራቶሪ ውስጥ ያለውን አሮጌ ሲዲ አምስት ዓመት የሚጠቀም ተማሪ ይሄ በደንብ ይገባዋል። የኪዩኢሙ ሰዎችም በ2009 ጥፋቱ የእነሱ ባይሆንም ሸክሙን ወሰዱት። ስሙ በአማርኛ «የተሰበረውን ዲኤችክላየንት ማለፊያ» እንደማለት የሆነ አጭር ኮድ ጻፉ። ወደ እንግዳው የሚገባውን ፓኬት ያያል፤ ከፖርት 67፣ ማለትም ከአድራሻ ሰጪው የመጣ ከሆነና ቼክሰሙ ካልተሞላ ደምሮ ይሞላለታል። አስቀያሚ ኮድ ነው፤ ኔትወርክ ካርድ ስለ ዲኤችሲፒ ምን አገባው? እኔ ግን እወደዋለሁ።

በ2010 ቪሆስት መጣ። ፓኬቶቹ በኪዩኢሙ በኩል ማለፋቸው ቀርቶ በአስተናጋጁ ከርነል ውስጥ እንዲያልፉ አደረገ፤ ይሄም ለፍጥነት ነው። ማለፊያው ግን ኪዩኢሙ ውስጥ ቀረ፤ ፓኬቱን ካላየው እንዴት ይሞላዋል? አሮጌዎቹ እንግዶች እንደገና አድራሻ አጡ። ቪሆስትን የጻፈው ሚካኤል ትሲርኪን ራሱ በዚያው ዓመት የሊኑክስ ፋየርዎል ላይ ቼክሰም የሚሞላ ትእዛዝ ጨመረ፤ ከሊኑክስ 2.6.36 ጋር ወጣ።

አሁን አለቀ ትሉ ይሆናል። ከ15 ዓመት በኋላ አንድ የኪዩኢሙ ፕሮግራመር ያንን አሮጌ ማለፊያ ሲያይ የማይወደው ነገር አገኘበት፦ ለንባብ ብቻ የተሰጠውን ፓኬት እዚያው ላይ ይጽፍበታል። ልክ ነው፣ ጥሩ ልማድ አይደለም። ስለዚህ የፓኬቱን ራስጌ ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ቀድቶ ቼክሰሙ እዚያ እንዲሞላ አደረገ። ቼክሰሙ ግን ራስጌውንም ውስጡ ያለውን መልእክትም የሚደምር ነው። አዲሱ ኮድ ያለው ራስጌው ብቻ ስለነበር እሱኑ ደምሮ የተሳሳተ ቁጥር ጻፈ፤ ሹፌሩ ጋቢና ያለውን ጆንያ ብቻ ቆጥሮ ጭነቱን እንደረሳው ማለት ነው። እንግዶች አድራሻ አጡ። በ2025 ለውጡ ተቀለበሰና አስቀያሚው ኮድ ወደ ቦታው ተመለሰ።