ድባብ የሚል ቃል እያለን

«የአካባቢ ሙዚቃ» የሚል ሐረግ ሰሞኑን ደጋግሞ ጆሮዬ እየገባ ያበሳጨኛል። አምቢየንት የሚባለውን፣ ዝግ ብሎ ክፍሉን የሚሞላውን ሙዚቃ ለማለት ነው። አካባቢ ግን ዛሬ ሥራ በዝቶበታል፤ ወይ ሰፈርን ይጠራል፣ ወይ ከ«ጥበቃ» ጋር ተጣምሮ ደንና ወንዝን። «የአካባቢ ሙዚቃ» ሲባል የመንደር ባንድ የማይታየው ማን ነው?

ሥሩን አልጠላውም። እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 «ሙዚቃ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች» ባለው አልበሙ የዚህ ሙዚቃ መጠሪያ ያደረገው ቃል መዞር፣ መክበብ ከሚል የላቲን ግስ የወረደ ነው። ከበበ፣ ከባቢ፣ አካባቢ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ «የከባቢ ሙዚቃ» የሚሉት ፍቺውን ይዘዋል፤ ግን ከባቢ «አየር» ካልተከተለው በሰው አፍ ውስጥ ብቻውን አይቆምም። «የጀርባ ሙዚቃ» ደግሞ ጭራሽ ስሕተት ነው። ኢኖ የተነሣው በየሱቁ የሚለቀቀውን ያን መሰል ማደንዘዣ በመቃወም ነውና።

እኔ ድባብ እላለሁ። ድባብ በንጉሥና በታቦት ላይ የሚዘረጋው ትልቁ ጥላ ነው፤ ደበበ የሚለው የሰው ስምም ከዚሁ ሥር ነው። ኋላ ቃሉ ከጨርቁ ተላቀቀና የበዓል ድባብ፣ የሐዘን ድባብ ማለት ጀመርን። አይጨበጥም፤ ከሥሩ የገባ ሁሉ ግን ይሰማዋል። ይህን መንገድ ኮሚቴ አልቀየሰለትም፣ ተናጋሪው ራሱ ወሰደው እንጂ። እንዲህ ያለ ቃል ታቅፎ አማርኛ ድሃ ነው ማለት ግፍ ነው።

«የድባብ ዜማ» ይሁን የሚል ይኖራል። አይሆንም። ዜማ ተከትለው የሚያዜሙት መስመር አለው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ የለውም። ሙዚቃ ከውጭ ቢመጣም ቤተኛ ሆኗል፤ ይቆይ።

የድባብ ሙዚቃ ምን እንደሆነ ለማየት ኢኖና ሃሮልድ ባድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡትን አልበም ማዳመጥ ይበቃል፤ ስሙን «የመስታወት አምባዎች» ልንለው እንችላለን። ባድ በጥቂት ኖታ ብዙ ዝምታ የሚያኖር አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ኢኖ የፒያኖው ድምፅ የሚረዝምበትንና የሚያስተጋባበትን ሁኔታ በስቱዲዮ መሣሪያዎቹ ያዘጋጃል፤ ባድ ያንን እየሰማ ለጣቱ የመጣለትን ይጫወታል። አንዱ ድባቡን ይዘረጋል፣ ሌላው ከሥሩ ይገባል።