ፍሮዶ ከሃዲ ነው?

ጄ. አር. አር. ቶልኪን የ«ቀለበቶቹ ጌታ»ን ሦስተኛ ቅጽ ካወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንድ አንባቢ የቁጣ ደብዳቤ ደረሰው። የሚለው ነገር አጭር ነው፦ ፍሮዶ ከሃዲ ስለሆነ መገደል እንጂ መከበር አይገባውም ነበር።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ስቄያለሁ። ለምናብ ሰው፣ ያውም ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም ለማያልፍ እግረ ጸጉራም ሆቢት፣ የሞት ፍርድ መጠየቅ! ቆይቼ ሳስበው ግን እኔም ከዚያ አንባቢ ብዙ አልርቅም ነበር። ፊልሙን ያየሁት መጽሐፉን ከማንበቤ በፊት ነው። መጽሐፉ ላይ እዚያ ቦታ ስደርስ «እንዴ! ይሄ ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው?» ብዬ ዘግቼ አስቀመጥኩት። ሁለት ቀን አልነካሁትም።

(ከዚህ በታች ሁሉም ነገር ይወራል። መጽሐፉ ሰባ ዓመት ሞልቶታልና ስፖይለር ነው ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ላላነበባችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ሳውሮን የሚባል የክፋት ጌታ ኃይሉን ያፈሰሰበት ቀለበት አለ፤ የሚጠፋውም በተሠራበት የእሳት ተራራ ውስጥ ሲጣል ብቻ ነው። ፍሮዶ ይህን ሸክም ተቀብሎ ከአትክልተኛውና ከወዳጁ ከሳም ጋር አንድ ሺህ ገጽ ያህል ይጓዛል። ይራባል፣ ይወጋል፣ ይታሰራል። እንደምንም እሳቱ አፋፍ ላይ ይደርሳል። እዚያ ቆሞ ግን «አልጥለውም» ይላል። ቀለበቱ የእኔ ነው ብሎ ጣቱ ላይ ያጠልቀዋል። ዓለም የሚድነው ጎለም፣ ያው ቀለበቱ ያበላሸው ምስኪን ፍጡር፣ የፍሮዶን ጣት በጥርሱ ቆርጦ ቀለበቱን ከወሰደ በኋላ በደስታ ሲጨፍር አዳልጦት እሳቱ ውስጥ ስለወደቀ ነው።

በቃ። ጀግናው አልቻለም።

የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ደግሞ እዚህ ቦታ የደረሱት ልባቸው ተንጠልጥሎ ከርሞ ነው። ቶልኪን ሥራውን «ትሪሎጂ» ሲሉበት አይወድም ነበር፤ እሱ የጻፈው አንድ መጽሐፍ ነው። ሦስት ቦታ የከፈለው አሳታሚው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ውድ ነበርና ያንን የሚያህል መጽሐፍ ባንዴ ማውጣት አስፈራው። አንደኛው ቅጽ በሐምሌ 1954፣ ሁለተኛው በኅዳር 1954 ወጣ። ሁለተኛው የሚያልቀው ፍሮዶ በጠላት እጅ ወድቆ፣ ሳም ከበሩ ውጪ ቀርቶ ነው። ሦስተኛው የመጣው በጥቅምት 1955 ነው። አስራ አንድ ወር! የዘገየበት ምክንያት ቶልኪን የትውልድ ሐረጉን፣ የዘመን ቆጠራውንና የቋንቋ ማብራሪያውን አባሪ ጽፎ አልጨርስ ስላለ ነው። አንባቢ «ፍሮዶ ምን ሆነ?» ይላል፤ እሱ የቀን መቁጠሪያ ያስተካክላል። አሳታሚው ግን የአንባቢውን ጉጉት አይቶ ነበር፤ አንደኛውን ቅጽ በመጀመሪያ ዙር 3,000 ያተመ ቤት ሦስተኛውን 7,000 አተመ።

አንድ ነገር ልጨምር። «የንጉሡ መመለስ» የሚለውን ርዕስ ቶልኪን አልፈለገውም ነበር፤ መጨረሻውን አስቀድሞ ያወጣዋል ብሎ «የቀለበቱ ጦርነት» እንዲባል ነበር ሐሳቡ። ተሸነፈ። ስፖይለሩ ሽፋኑ ላይ ታተመ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቅጽ ሲወጣ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገጣሚው ኦደን፣ ኦክስፎርድ ሲማር የቶልኪንን ትምህርት የተከታተለ ሰው ነው፣ በጥር 1956 በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ላይ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ አሞገሰ፤ ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሲከራከር መሐል ቤት የሚቆም እንደሌለም ታዝቧል። በሚያዝያ ደግሞ አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን «ዘ ኔሽን» ላይ ወጣ። ሙሉውን ለሰባት ዓመት ልጁ ጮክ ብሎ አንብቦላታል፤ ፍርዱም ይህ የልጆች ዝባዝንኬ ነው፣ አስፈሪ የተባሉት ክፉዎችም አያስፈሩም የሚል ነበር። (ሰው ይሄን ሁሉ ገጽ ጮክ ብሎ እስከ መጨረሻ ካነበበ በኋላ አልወደድኩትም ሲል እኔ በግማሽ ልብ ነው የማምነው።)

እኔን የሚገርመኝ ግን የስኮትላንዱ ገጣሚ ኤድዊን ሚዩር ነው። በኅዳር 1955 «ኦብዘርቨር» ላይ ያቀረበው ክስ የቁጣ ደብዳቤውን ከጻፈው አንባቢ ክስ ተቃራኒ ነው። ሚዩር የሚለው፣ እነዚህ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ጎልማሳ ልብስ የለበሱ ልጆች ናቸው፤ ያን የሚያህል ጦርነት ተዋግተው ጥቃቅን ጉዳት ብቻ ደርሶባቸው በደስታና በድል ይመለሳሉ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ለአንዱ ጀግናው ሞት የሚገባው ከሃዲ ነው፤ ለሌላው ምንም ያልሆነ ደስተኛ ልጅ ነው። ሁለቱም ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነው። ቶልኪን በሚዩር ጽሑፍ ምን ያህል እንደተናደደ ለአሳታሚው የጻፈው ደብዳቤ ይናገራል።

ሚዩር ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። አብረው ከወጡት ዘጠኙ መንገደኞች ሞቶ የቀረው ቦሮሚር ብቻ ነው። ጋንዳልፍ እንኳን ሞቶ ተመልሷል። በቁጥር ከሄድን ሚዩር እውነት አለው። ነገር ግን ጉዳትን በሬሳ ብቻ ከቆጠርን ነው።

ወደዚያ «ይገደል» ወዳለው አንባቢ ልመለስ። በ1956 ይህ የልቦለድ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። የኮሪያ ጦርነት፣ የእኛ ቃኘው የዘመተበት ማለቴ ነው፣ ከቆመ ገና ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ምርኮኛ ሲለዋወጡ 21 አሜሪካውያንና አንድ እንግሊዛዊ ወታደር አገራችን አንመለስም ብለው ቀሩ። ከተመለሱት አሜሪካውያንም ምርኮ ላይ ሳላችሁ ከጠላት ጋር ተባብራችኋል ተብለው ወታደራዊ ፍርድ ቤት የቆሙ ነበሩ። «ብሬይንዎሽ» የሚለው ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ የተለመደው በነዚሁ ዓመታት ነው። ተርቦ፣ ተደብድቦ፣ እንቅልፍ ተነፍጎ በመጨረሻ የተሰበረ ሰው ከሃዲ ነው ወይስ ቁስለኛ? ያኔ ይህ የጋዜጣም የፍርድ ቤትም ጥያቄ ነበር።

ቶልኪንም መልሱን የሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቅን ሰዎች በየቀኑ በሚሠቃዩበትና አእምሯቸው በሚሰበርበት ክፉ ዘመን እንዲህ ጨክኖና ራሱን አጽድቆ የሚፈርድ ሰው መኖሩ እንዳሳዘነው ይገልጻል። በኋላም ስለዚሁ ለሚጠይቁት አንባቢዎች ደጋግሞ ጽፏል። ነጥቡ ይህ ነው፦ ቀለበቱ እሳቱ አፋፍ ላይ ያለውን ጫና በዚያ ሁኔታ ማንም ሊቋቋመው አይችልም ነበር። ፍሮዶ ያለውን ጨርሶ ሰጥቷል፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው አልነበረውም። የቀረውን የሠራው ቀድሞ የዘራው ምሕረት ነው። ጎለምን መግደል ሲችል ራርቶ ስለተወው ነው ጎለም እዚያች ሰዓት እዚያ ቦታ የተገኘው። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ቀለበቱ የጠፋበትን ቀን ማርች 25 ማድረጉም በዘፈቀደ አይመስለኝም። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ብሥራትን የምታከብርበት ቀን ነው፤ በድሮው የጁሊያን ቆጠራ ብትሄዱ የእኛው መጋቢት 29 ላይ ይወድቃል።

«ደራሲ መጽሐፉን በደብዳቤ ማስረዳት ከጀመረ መጽሐፉ አልተሳካለትም» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ተመልሳችሁ ሁለተኛውን ምዕራፍ እዩት። ፍሮዶ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና ሳይቆስል፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቀለበቱን እሳት ውስጥ ሊጥለው ያስባል። እጁ ግን መልሶ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ያ የቤት ምድጃ ነው፤ ቀለበቱን እንኳን ሊያቀልጠው ሊያሞቀውም አይችልም። ቤቱ ሆኖ ያልቻለውን ሞርዶር ላይ እንዲችል የጠበቅነው እኛ ነን።

ከዚያ ደግሞ ሌላው መጨረሻ አለ፤ ብዙ አንባቢ «አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» ያለበት። ሆቢቶቹ ወደ አገራቸው ወደ ሻየር ሲመለሱ የጠበቃቸው ሻየር አይደለም። ዛፉ ተቆርጧል፣ ወንዙ ቆሽሿል፣ ሽፍቶች ሰፍረውበታል፣ የገዛ ጎረቤቶቻቸው የሽፍቶቹ ዘበኛ ሆነዋል። ሳውሮን ከወደቀ በኋላ እንደገና ውጊያ! 19 ሆቢቶች ይሞታሉ። ፍሮዶ ሰይፍ አይመዝም፤ እጅ የሰጡት እንዳይገደሉ ሲለምን ነው የሚውለው። ሰላም ከሆነ በኋላም በየዓመቱ የቆሰለበት ቀን ሲደርስ ይታመማል። ሳም አግብቶ ይወልዳል፤ ሌሎቹ ይሞገሳሉ፤ ፍሮዶን ግን አገሬው እምብዛም አያውቀውም። በሁለት ዓመቱ መርከብ ተሳፍሮ ላይመለስ ይሄዳል።

ይህን የጻፈው በ1916፣ በ24 ዓመቱ፣ ሶም ላይ የመገናኛ መኮንን ሆኖ የተዋጋ ሰው ነው። በትሬንች ፊቨር ታሞ ነው ወደ እንግሊዝ የተመለሰው። በ1918 ከቅርብ ጓደኞቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሞተው እንደነበር ራሱ ለሁለተኛው እትም በጻፈው መቅድም ላይ አስፍሯል። በዚያው መቅድም የሻየሩ ምዕራፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበረችውን እንግሊዝ ለመግለጽ የተጻፈ አይደለም ብሎ ክዷል። አምነዋለሁ። ከጦር ሜዳ ወደ ቤት መመለስ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ያን ሁለተኛውን ጦርነት መጠበቅ አላስፈለገውም።

በ2003 የወጣው የፒተር ጃክሰን ፊልም ሁለቱንም መጨረሻዎች ነካክቷቸዋል። እሳቱ አፋፍ ላይ ጎለም ብቻውን አዳልጦት አይወድቅም፤ ፍሮዶ ይተናነቀውና አብረው ይወድቃሉ። ጀግናው ቢያንስ አንድ ነገር እንዲያደርግ ነው መሰለኝ። የሻየሩ ውጊያ ጭራሽ የለም። አራቱ ሆቢቶች ምንም ያልተነካ መንደር ገብተው መጠጥ ቤት ይቀመጣሉ። ፊልሙ 11 ኦስካር ወሰደ፤ ተመልካቹ ግን እስካሁን «ስንት ጊዜ ነው የሚያልቀው?» እያለ ይቀልድበታል። ያን ሁሉ ስንብት የጠየቀው ቁስል ከተቀነሰ እኮ ስንብቱ ይረዝምባችኋል። (መጠጥ ቤቱ ውስጥ አራቱ ዝም ብለው የሚተያዩባት ትዕይንት ግን ጥሩ ናት፤ እሷን አልነካባቸውም።)

ቶልኪን ራሱ ሌላ መጨረሻም ነበረው። ሳም ወደ ቤቱ ከተመለሰበት ገጽ ቀጥሎ የሚመጣ ማሳረጊያ ጽፎ ነበር። ከመታተሙ በፊት ያነበቡት ሁሉ ስለነቀፉት አወጣው። ልጁ ክሪስቶፈር ያሳተመው በ1992 ነው፤ አባትየው ከሞተ 19 ዓመት ሆኖታል። እዚያ ላይ ሳም ትልቅ ሰው ሆኗል። ልጆቹ ከበውት ይጠይቁታል፦ እገሌስ ምን ሆነ? እገሌስ? የጋንዳልፍ ፈረስስ አብሮት መርከቡ ላይ ወጣ? ለቶልኪን ደብዳቤ ይጽፉ የነበሩ አንባቢዎች የሚጠይቁትን ዓይነት ጥያቄ ነው። ሳም የሚያውቀውን ይመልሳል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ማርች 25 ነው፤ ቀለበቱ ከጠፋ 17 ዓመት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከሚስቱ ጋር ደጅ ላይ ትንሽ ይቆማሉ። ከዚያ ገብተው ሳም በሩን ሲዘጋ፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ የባሕሩ ድምፅ ይሰማዋል።