ስለ ታናሺቱ ዕጢና ስለ ጨረር ሕክምና ታሪክ

አምቦ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ሕሙማን ከቅርብም ከሩቅም ወደ ፍል ውኃዋ ይጓዙ ነበርና ስሙ ይስማማታል። ነገር ግን ፍል ውኃ የማይደርስበት፣ ከራስ ቅል በታች ተሰውሮ የሚያድር ደዌ አለ።

ሐኪሞች «የቱርክ ኮርቻ» በሚሉት የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ተቀምጣለች። ታናሽ ስትሆን ሌሎችን ዕጢዎች ታዛለች፤ እድገትንና የእናትን ወተት ትገዛለች። በርሷ ላይ የሚበቅለው እባጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚዛመት ነቀርሳ አይደለም። ሆኖም የዐይንን ጅማት ሲጫን የግራና የቀኝ ዳር እይታን ያጠፋል፤ የእድገትን ሆርሞን ሲያበዛም የጎልማሳውን እጅ፣ እግርና መንጋጋ ያገዝፋል። ይህን ግዝፈት ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 «አክሮሜጋሊ» ብሎ ሰየመው።

በ1909 ገደማ አንቷን ቤክሌር በፓሪስ እባጩን በኤክስሬይ ማከም ጀመረ። ዳሩ ግን ጨረሩ በመንገዱ ያገኘውን ጤነኛ አካል ጭምር ይጎዳ ነበር። ስዊድናዊው ላርስ ሌክሴል በ1951 መላውን ገለጸ፤ ይኸውም ብዙ ደካማ ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው በአንዲት ነጥብ ቢገናኙ፣ ለየብቻ ሳይጎዱ በመገናኛቸው ይበረታሉ የሚል ነው። በ1968 «ጋማ ናይፍ»፣ ማለት የጋማ ቢላዋ፣ በስቶክሆልም ሥራ ጀመረ፤ ቢላዋ ይባል እንጂ ሥጋ አይቈርጥም። ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ከቀዶ ሕክምና ለተረፈው እባጭ ነው፤ ፍሬውም በወራትና በዓመታት ይታያል። እባጩ ለዐይን ጅማት እጅግ ከቀረበ ግን መጠኑ ለብዙ ቀን ይከፋፈላል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ከ20 ዓመት በላይም ብቸኛው ሆኖ ኖረ። በ2006 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ ወይም ከባኮ የሚነሣ ሕመምተኛ እንግዲህ መንገዱ ወደ መዲናዪቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ማሪ ደዌውን ሲለይ ኤክስሬይ ራሱ ገና 9 ዓመት ይቀረው ነበር፤ የለየውም ሰውን አስተውሎ በማየት ነው። ጫማው ዓመት በዓመት የሚጠብበው፣ ቀለበቱ አልወጣ ያለው ጎልማሳ፣ ሳትወልድ ወተት የሚፈስሳት ሴት፣ በጎኑ የመጣውን ሰው የማያይ ሽማግሌ በየከተማችን ይገኛሉ። ይህን ያየ ካህን ወይም መምህር ነገሩን በእርጅናና በክፉ ዐይን ሳያመካኝ ወደ ሐኪም ይላካቸው። ብዙ ዘመን የተጫነ የዐይን ጅማት፣ እባጩ ቢወገድለትም እንኳ፣ ብርሃኑ ላይመለስለት ይችላልና።