ከጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ስለሚሰናበት ተማሪና ስለ ሕግ እርዳታ፤ በአሜሪካ የታየ ታሪክ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎ የምታኽል ሀብት ከአንዲት ጭብጦ ጋር የምትወዳደር አይደለችም፤ ነገር ግን ተረቱ የሚናገረው ስለ ንብረቱ ዋጋ ሳይሆን ስለ አወሳሰዱ ነው። ሰው ተጠይቆና መልስ ሰጥቶ ያጣውን ይችለዋል፤ ሳይጠየቅ የተወሰደበትን ግን ትንሽም ቢሆን አይረሳውም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአሜሪካ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ከትምህርት ቤቱ እንዲሰናበት ሲወሰንበት ሕግ እስከ ምን ድረስ ሊረዳው እንደሚችልና ይህ እርዳታ እንዴት እየተገኘ እንደ መጣ ነው። አሜሪካን የመረጥነው የዚህ ዓይነት ክርክር በፍርድ ቤቶቿ ብዙ ጊዜ ስለ ታየና ውሳኔዎቹም ተጽፈው ስለሚገኙ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የጉዳዩን ክብደት እንመልከት። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በ1840 በባልቲሞር ከተማ ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ሙያው በአብዛኛው የሚገኘው ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ በመለማመድ ነበር። በ1926 ዊልያም ጊስ የተባለው ሊቅ በካርኔጊ ድርጅት አማካይነት ባወጣው ጥናት የጥርስ ሕክምና ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘና በሳይንስ የተመሠረተ ትምህርት እንዲሆን አሳሰበ። ትምህርቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ የሙያው ብቸኛ በር ሆነ። በዚህ በር የተመለሰ ተማሪ ያወጣውን ገንዘብና ያሳለፈውን ዘመን ያጣል፤ የመባረሩም ወሬ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይከተለዋል።

ከዚህም ሌላ የጥርስ ሕክምና ፈተና በወረቀት ላይ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በሽተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ሳለ ተማሪው ጥርስ ሲሞላ ወይም ሲነቅል መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። የእጅን ብልኃትና የሰውን ጠባይ የሚመዝን ማርክ የመምህሩን ዓይን የሚከተል ነው። ዓይኑ ቅን ከሆነ በሽተኛው ከማይረባ ሐኪም ይድናል፤ ዓይኑ ከተበላሸ ግን ተማሪው ይጠፋል። የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

«ሳይሰሙ አይፈረድም» የሚለው ደንብ በዩኒቨርሲቲ ላይ ሲሠራበት የታየው ከብዙ ዘመን በፊት በእንግሊዝ አገር ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቤንትሊ የተባለውን ሊቅ ሳይጠይቅ ማዕርጉን ገፍፎት ነበር። በ1723 ጉዳዩ ለንጉሡ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው ፎርተስኪው እግዚአብሔር እንኳ አዳምን ከመቅጣቱ በፊት ጠርቶ መልሱን እንደ ሰማ አስታወሰ። ፍርድ ቤቱም ማዕርጉ እንዲመለስለት አዘዘ።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ግን ይህን ደንብ ለተማሪ ለማዋል ዘግይተዋል። በ1913 የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት በባርናርድ ጉዳይ በጥፋት የሚባረረውን በትምህርት ከሚወድቀው ለይቶ፣ ለሁለተኛው የክርክር ችሎት እንደማያስፈልግ ተናገረ። በ1928 ደግሞ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት የሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ አንዲትን ተማሪ በቂ ምክንያት ሳይነግራት ማሰናበቱን ደገፈ፤ ስትመዘገብ በፈረመችው ካርድ ትምህርት ቤቱ ምክንያት ሳይሰጥ ሊያሰናብት እንደሚችል ተጽፎ ነበርና። በዚያ ዘመን መማር እንደ ችሮታ እንጂ እንደ መብት አይቆጠርም ነበር።

ይህን አስተሳሰብ የለወጡት ጥቁር ተማሪዎች ናቸው። በየካቲት 1960 በሞንትጎመሪ ከተማ የሚገኘው የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች በካውንቲው ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ለነጮች ብቻ በተከለለ ምግብ ቤት ገብተው እንዲስተናገዱ ጠየቁ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ዘጠኙ ሳይጠየቁ ከኮሌጁ ተባረሩ። ፍሬድ ግሬይና ተርጉድ ማርሻልን የመሰሉ ጠበቆች ጉዳያቸውን ያዙላቸው። በ1961 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን በጥፋት ከማባረሩ በፊት የተከሰሰበትን ነገር ሊያስታውቀውና መልሱን ሊሰማ እንደሚገባ በዲክሰን ጉዳይ ፈረደ። በ1975 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጎስ ጉዳይ ለአጭር ጊዜ የታገደ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ የራሱን ቃል የመስጠት መብት እንዳለው አረጋገጠ።

ነገር ግን እነዚህ ፍርዶች የሚናገሩት በጥፋት ስለ ተከሰሰ ተማሪ ነው። «ማርክህ አልበቃም» የተባለውስ? ለዚህ ጥያቄ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ጆን ቡለር ዲን በነበረበት ከ1948 እስከ 1961 ባለው ጊዜ በአትላንታ በሚገኘው በዚህ ትምህርት ቤት ከገቡት አይሁድ ተማሪዎች ከመቶ 65 ያኽሉ ወይ ወድቀው ተባረዋል ወይ ትምህርታቸውን እንዲደግሙ ተደርገዋል። ለእያንዳንዱ የተነገረው ግን የችሎታ ማነስ ነበር። እያንዳንዱም ጥፋቱ የራሱ ብቻ መስሎት አፍሮ ዝም አለ፤ ለቤተሰቡ እንኳ ያልተናገረ ነበር። ኤሞሪ የግል ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆነ መንግሥትን የሚገዛው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ አይደርስበትም ነበር፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋሞች በዘር ወይም በትውልድ አገር እንዳያዳሉ የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግም የወጣው በ1964 ነው።

ነገሩ የታወቀው ቍጥሩ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ በተሰበሰበ ጊዜ ነው። አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ የተባለው የአይሁድ ማኅበር የተባረሩትንና የደገሙትን ተማሪዎች ቍጥር ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ አቀረበ፤ ዲኑም በ1961 ሥራውን ለቀቀ። ዩኒቨርሲቲው ግን በዚያ ጊዜ በደሉን አላመነም። በ1952 ከተባረሩት አንዱ የሆነውና በሌላ ትምህርት ቤት ተምሮ የአፍ ቀዶ ሐኪም የሆነው ፔሪ ብሪክማን፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የጓደኞቹን ቃል እየዞረ ሰበሰበ። በ1952 ያልተሰማው ነገር በ2012 ተሰማ፤ ዩኒቨርሲቲው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ሲመጣ ተባራሪዎቹ ሽማግሎች ሆነዋል፤ በሕይወት ያልቆዩም ነበሩ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ምክንያት ስለሚደረግ ስንብት በ1978 በሆሮዊትዝ ጉዳይ ፈረደ። ሻርሎት ሆሮዊትዝ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነበረች። የጽሑፍ ፈተናዋ መልካም ሲሆን በሆስፒታል ሥራዋ፣ በሰዓት አክባሪነቷና በንጽሕናዋ ተወቀሰች። ሰባት ሐኪሞች እንዲመረምሯት ተደረገ፤ ሁለቱ ትመረቅ አሉ፣ ሁለቱ ትሰናበት አሉ፣ ሦስቱ ምረቃዋ ተራዝሞ በሙከራ ትቈይ አሉ። ከዚህ በኋላ ተሰናበተች። ፍርድ ቤቱ፣ ተማሪዋ ጕድለቷ አስቀድሞ ተነግሯታል፣ ውሳኔውም በጥንቃቄ የተሰጠ ነው፤ የመምህራንን ሙያዊ ግምት ለመመዘን የችሎት ሥርዓት አይመችም ብሎ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። በ1985 በዩዊንግ ጉዳይም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ረታ፤ ሌሎች የወደቁ ተማሪዎች እንዲደግሙ የተፈቀደላቸውን ፈተና ዩዊንግ እንዳይደግም መከልከሉን ፍርድ ቤቱ ከጠቅላላ የትምህርት ታሪኩ ጋር አይቶ አጸደቀ። ነገር ግን አንዲት በር ክፍት ተወ፤ ውሳኔው ከታወቀው የትምህርት ልማድ እጅግ የራቀ ከሆነና መምህሩ በእውነት በሙያው እንዳልመዘነ የሚያሳይ ከሆነ ዳኛ ሊሽረው ይችላል።

እነዚህን ፍርዶች ከኤሞሪ ታሪክ ጎን ስናቆማቸው የሕግ እርዳታ ምን እንደ ሆነ ይገለጥልናል። ጠበቃ የተማሪውን የጥርስ ሙሌት ከመምህሩ የበለጠ ሊመዝን አይችልም፤ ዳኛም እንዲሁ። ጠበቃው የሚችለው ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ በመመሪያ መጽሐፉ የጻፈውን ማስጠንቀቂያ፣ የሙከራ ጊዜና የይግባኝ ቀን ጠብቆ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የግል ትምህርት ቤት ለሆነ እንደ ውል የሚያስገድደው ይኸው መጽሐፍ ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያደርጋል። ተመሳሳይ ማርክ ያላቸው ሌሎች ተማሪዎች እንዴት እንደ ተስተናገዱ ይመረምራል። እርዳታውም ከመጨረሻው ደብዳቤ በፊት ሲደርስ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ይግባኝ ቀኑ ካለፈና መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው።

ይህን ስንል ችሎታ የሌለው ተማሪ በክርክር ብልኃት ይመረቅ ማለታችን አይደለም። አፉን ከፍቶ የሚቀመጠው በሽተኛ ጠበቃ ይዞ አይመጣም፤ የእርሱ ጠበቃ መምህሩ ነው። ስለዚህ የፍርድ ቤቶቹን ጥንቃቄ እናከብራለን። ነገር ግን ጥንቃቄው የሚጸናው ምዘናው እውነተኛ ሲሆን ነው። በኤሞሪ አንድ በአንድ ሲታዩ የእያንዳንዱ ተማሪ መውደቅ ተራ መውደቅ ይመስል ነበር፤ በደሉ የታየው መዝገቦቹ አብረው ሲገለጡ ነው። ምክንያቱን የሚጽፍና ሲጠየቅ የሚመልስ ትምህርት ቤት በቅን የመዘነ ከሆነ የሚያጣው ነገር የለም፤ ተማሪውም ቢወድቅ እንኳ በፍርድ መውደቁን ያውቃል።