ለበዓል ወደ ሆሳዕናና ዱራሜ ለሚመጡ በውጭ ሀገር ነዋሪ ወገኖች፦ ስለ ሕክምና ወጪና መድን

የሀዲያን ያሆዴና የከምባታን መሳላ ከቤተሰብ ጋር ለማክበር ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎች ሀገራት የሚመጡ ወገኖች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። የወላጆች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት እንግዳ ሆኖ የመጣን ልጅ አይሸፍንም፤ የሚያገለግለው መዋጮ ለተከፈለላቸውና በአባልነት ለተመዘገቡ የቤተሰብ አባላት ብቻ ነው።

በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በዱራሜም ጠቅላላ ሆስፒታል አገልግሎት ይሰጣሉ። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚጻፍለት ታካሚ ግን ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይኖርበታል። ስለሆነም፦

• የጉዞ መድን ሲገዙ ኢትዮጵያን፣ የአምቡላንስ ጉዞንና ነባር ሕመምን የሚሸፍን መሆኑን ያረጋግጡ።
• ለከፈሉት ሁሉ ማኅተም ያለበት ደረሰኝና የሕክምና ማስረጃ ይያዙ፤ ያለ እነዚህ ወጪን ማስመለስ አዳጋች ነው።
• ወደ ቆላማ አካባቢ ከወረዱ አጎበር ይጠቀሙ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከተሰማዎት የነበሩበትን ቦታ ለሐኪም ይንገሩ፤ ወባ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።

ከመመለስዎ በፊትም የወላጆችዎ የመድን አባልነት ለዓመቱ መታደሱን ከቀበሌው ያረጋግጡ። ያልታደሰ አባልነት በሕመም ጊዜ ወጪውን በቤተሰቡ ላይ ይጥላል።