የፔሮን ወራሽ ማን ሆነ?



አንድ የመሥሪያ ቤት ሹም ከሥራው ሲነሣ መዝገቡን፣ ማኅተሙንና ቁልፉን ለተተኪው በፊርማ ያስረክባል። ተረካቢውም የጐደለ ነገር ቢኖር ኋላ እንዳይጠየቅበት አንድ በአንድ እየቈጠረ ይረከባል። ይህ ሥርዐት ብዙ ጊዜ አሰልቺ መስሎ ይታየናል። ነገር ግን ርክክብ በመጥፋቱ ምክንያት አንድ አገር በጠቅላላው ምን ያኽል መከራ እንደ ደረሰበት ታሪክ ሲነግረን ዋጋው ምን እንደ ሆነ እንረዳለን። ዛሬ የምንመለከተው ታሪክ በደቡብ አሜሪካ በአርጀንቲና የተፈጸመ ነው። ዘመኑንም የምንቈጥረው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኮሎኔል ሁዋን ዶሚንጎ ፔሮን በ1943 ዓ.ም. መንግሥቱን ከገለበጡት የጦር መኰንኖች አንዱ ነበሩ። በአዲሱ መንግሥት ውስጥ የተሰጣቸው ሹመት የሠራተኞችን ጕዳይ የሚመለከት ሲሆን፤ ሌሎች መኰንኖች ይህን ቦታ ከቁም ነገር አይቈጥሩትም ነበር። ፔሮን ግን በዚህ ሥልጣን ተጠቅመው ለሠራተኛው ጡረታን፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍትንና የሠራተኛ ጕዳይ የሚዳኙ ፍርድ ቤቶችን አስገኙ። ጓደኞቻቸው ኀይላቸው ማደጉን ፈርተው በ1945 ዓ.ም. ባሰሯቸው ጊዜ፤ ኦክቶበር 17 ቀን ከፋብሪካ ሰፈሮች የወጣ እጅግ ብዙ ሕዝብ የቡዌኖስ አይሬስን ዐደባባይ ሞላው። በዚያው ቀን ማታ ፔሮን ተፈትተው ለሕዝቡ ተናገሩ። በ1946 ዓ.ም. በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እንግዲህ ይህ እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው አንሥቶ የቆመው በአንድ ሰው ስም ላይ መሆኑን ልብ እንበል። ከእርሳቸው ቀጥሎ በሕዝቡ ዘንድ የተወደዱት ባለቤታቸው ኤቫ ፔሮን ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበራት ኤቫ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት እንዲቀርቡ አጥብቀው ቢለምኑም፤ የጦር ሠራዊቱ ይህን አልወደደውምና ኤቫ ዕጩነቱን አልተቀበሉም። በሚመጣው ዓመት በ33 ዓመት ዕድሜያቸው በሕመም ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በፔሮን አጠገብ ሁለተኛ ሊባል የሚችል ሰው አልነበረም።

በ1955 ዓ.ም. የጦር ሠራዊቱ ፔሮንን አስወጥቶ ሰደዳቸው። አዲሱ መንግሥት በ1956 ዓ.ም. ባወጣው ዐዋጅ ስማቸውን መጥራት እንኳ ወንጀል አደረገው። የኤቫንም አስከሬን ደብቆ በውሸት ስም በኢጣሊያ አስቀበረው። ነገር ግን ፔሮኒስቶች አልጠፉም። ምክንያቱም የሠራተኞች ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች፣ መዋጮዎችና አባሎች በየፋብሪካው ስለ ነበሩ ነው። መሪው በባዕድ አገር ሳለ እንቅስቃሴውን ያቆየው ይህ ነበር።

ከእነዚህም ማኅበራት መሪዎች መካከል የብረታ ብረት ሠራተኞች አለቃ አውጉስቶ ቫንዶር ቀስ በቀስ ራሱን የቻለ ኀይል ሆነ። አሳቡም «ፔሮኒዝም ያለ ፔሮን» ተባለ። በ1966 ዓ.ም. በሜንዶሳ አውራጃ የአገረ ገዥ ምርጫ ሲደረግ፤ ቫንዶር የደገፈው አንድ ዕጩ፣ ፔሮን የደገፉት ሌላ ዕጩ ቀረቡ። ፔሮን በማድሪድ ተቀምጠው ሦስተኛ ሚስታቸውን ኢሳቤልን ወደ አርጀንቲና ልከው ነበር። የፔሮን ዕጩ ከቫንዶር ዕጩ የበለጠ ድምፅ አገኘ፤ ወንበሩ ግን ለሁለቱም ሳይሆን ለሌላ ፓርቲ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው፤ ፔሮን ወራሽ የሚሆንባቸውን ሰው ለመስበር የሚበቃ ኀይል እንደ ነበራቸው፤ ወራሽ ለማቆም ግን ፈቃድ እንዳልነበራቸው ነው። ቫንዶር በ1969 ዓ.ም. በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሳለ በጥይት ተገደለ።

ፔሮን ከስደት ሆነው ግራውንም ቀኙንም ወገን ያበረታቱ ስለ ነበር፤ ሁሉም እውነተኛው የፔሮን ልጅ እኔ ነኝ ይል ጀመር። ስለዚህ በጁን 20 ቀን 1973 ዓ.ም. ለዘለቄታው ሲመለሱ ሊቀበላቸው በኤሴይሳ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ፔሮኒስት በፔሮኒስት ላይ ተኰሰ፤ ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ፔሮን ከመቶ 62 የሚያኽል ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፤ ምክትል ሆነው አብረው የተመረጡት ባለቤታቸው ኢሳቤል ነበሩ። በጁላይ 1 ቀን 1974 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው ዐረፉ።

በመጨረሻ ዘመናቸው «ወራሼ ሕዝብ ብቻ ነው» ብለዋል እየተባለ ይነገርላቸዋል። ቃሉ ያማረ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን «ሁሉም ቢሆን ቃልቻ፤ ማን ይሸከማል ስልቻ» እንዳሉት፤ ሁሉን ወራሽ ያደረገ ኑዛዜ ማንንም ወራሽ አላደረገም። ወንበሩ ለሚስቲቱ ሆነ። ከእርሳቸውም በስተጀርባ ሎፔስ ሬጋ የተባለው የቤት ጸሓፊ ትልቅ ሥልጣን ያዘ። በአንድ ወገን ሞንቶኔሮስ የተባሉት ወጣቶች፣ በሌላው ወገን የቀኝ ነፍሰ ገዳዮች፤ ሁለቱም በፔሮን ስም ይገድሉ ነበር። በማርች 1976 ዓ.ም. የጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ያዘ። ይህ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሲዮን የደረሱበት ያልታወቀ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን መዝግቧል። ገዳዮቹ በሥራቸው ተጠያቂዎች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም በሩን ከፍቶ የሰጣቸው በወራሾቹ መካከል የተነሣው ጠብ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ፔሮኒስቶች በነጻ የፕሬዚዳንት ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፉ። ይህ ሽንፈት ጠቀማቸው። በጁላይ 1988 ዓ.ም. የፓርቲው አባሎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ዕጩ ራሳቸው በድምፃቸው መረጡ። የፓርቲው ሊቀ መንበር አንቶኒዮ ካፊዬሮ ተሸንፈው የላ ሪዮሃ አገረ ገዥ ካርሎስ ሜኔም አሸነፉ፤ ተሸናፊውም ውሳኔውን ተቀበሉ። አንድም ጥይት አልተተኰሰም።

ሆኖም፤ ክቡር አንባቢ፤ ታሪኩ እዚህ ላይ በቀላሉ አያልቅም። ሜኔም በ1989 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፤ ፔሮን የመንግሥት ሀብት ያደረጉትን ስልክና የምድር ባቡር ለግል ኩባንያዎች አስተላለፉ። የነዳጁንም ኩባንያ ሸጡት። ይህንኑ የነዳጅ ኩባንያ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ሌላዋ የፔሮን ተከታይ፤ ፕሬዚዳንት ክሪስቲና ፈርናንዴስ ደ ኪርሽነር፤ አብዛኛውን ድርሻ ወደ መንግሥት መለሱት። ሻጩም መላሿም ፔሮኒስቶች ነበሩ።

እንግዲህ የፔሮን ወራሽ ማን ሆነ? ሚስትም፣ ታማኝ ጸሓፊም፣ መሣሪያ ያነሣ ወጣትም አልሆነም። በክፉው ዘመን እንቅስቃሴውን ተሸክሞ ያቆየው የሠራተኛው ማኅበር ነው፤ ወንበሩን ያለ ደም ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፈው ደግሞ የድምፅ መስጫው ሣጥን ነው። የድምፅ መስጫ ሣጥን የመሪውን አሳብ ሳይለወጥ አያስተላልፍም፤ ይህንን ከሜኔም ታሪክ አይተናል። ነገር ግን ተረካቢው ማን እንደ ሆነ ሁሉ እንዲያውቀውና የተሸነፈው ወደ ቤቱ በሰላም እንዲሄድ ያደርጋል። «ሕዝብ ወራሼ ነው» ያለ መሪ ሕዝቡ የሚረከብበትን ሥርዐት በሕይወቱ ሳለ ካላቆመ፤ የተወው ውርስ ሳይሆን ክርክር ነው።